የጣቢያውን ስም ያነበቡት እናት

በነሐሴ ወር አንድ ቀን ጠዋት፣ እኛ አራት አስተማሪዎች ከስድስት ተማሪዎቻችን ጋር ከአዳማ በባቡር ተነሣን። ተማሪዎቻችን ፊደል የቆጠሩት በዚህ ዓመት ነው። «ወደ ባሕር የሚሄደውን ባቡር እንይ» ስላሉን፣ ገንዘብ አዋጥተን እስከ ድሬዳዋ ለመሄድ ተስማማን።

የዛሬው ባቡር የሚሄደው በኤሌክትሪክ ነው። ጭስ የለውም። የጥንቱ ባቡር ግን በእሳትና በውሃ ይሠራ ነበር። እሳቱ ውሃውን ያፈላል፤ የታመቀው እንፋሎት ይገፋል፤ መንኮራኩሩ ይዞራል። ውሃው ሲያልቅበት ጣቢያ ላይ ቆሞ ይሞላል። በኋላ በናፍጣ የሚሠራ ባቡር መጣ።

የድሮው ሐዲድ ሥራ የተጀመረው በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ ነው። በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ደረሰ። ሐረር ከፍታ ላይ ስለሆነች ሐዲዱ በቆላው አለፈ። ድሬዳዋም በዚያ ምክንያት ተቆረቆረች። አሁን የምንሄድበት አዲሱ ሐዲድ የተመረቀው በ2009 ዓ.ም. ነው።

ከተማሪዎቻችን አንዷ በዕድሜ የገፉ እናት ናቸው። «አዴ» እያልን እንጠራቸዋለን። በመስኮቱ በኩል ተቀምጠው ውጭ ውጭውን ያያሉ። የፈንታሌ ተራራ ታየ። መተሐራ አጠገብ ሰፊ ውሃ አዩና፣

«ልጆች፣ ባሕር የሚባለው ይህ ነው እንዴ?» አሉን።

«አይደለም አዴ፤ ይህ የበሰቃ ሐይቅ ነው። ድሮ ትንሽ ነበር፤ ከዓመት ዓመት እየሰፋ መጣ። ውሃው ጨዋማ ስለሆነ ለመጠጥ አይሆንም» አልናቸው።

አዋሽን አለፍን። እኛ ጨዋታ ይዘናል። አዴ ግን ባቡሩ በቆመ ቁጥር አንገታቸውን አስግገው ሰሌዳ ይፈልጋሉ። ፊደሉን አንድ በአንድ እየጠሩ ያነባሉ።

«አዴ፣ ምነው ተጨነቁ? አረፍ ይበሉ እንጂ። ድሬዳዋ ስንደርስ እኛ እንነግርዎታለን» አልናቸው።

«አይ ልጆቼ! ያኔስ ተነግሮኝ አይደል የወረድኩት?» አሉ።

ከዚያ ታሪካቸውን አጫወቱን። ወጣት ሳሉ ወንድማቸው ድሬዳዋ ታመመ። ብቻቸውን በድሮው ባቡር ተሳፈሩ። ሌሊት ባቡሩ አንድ ጣቢያ ቆመ። «ድሬዳዋ ነው?» ብለው አጠገባቸው ያለውን ሰው ጠየቁ። ሰውየው እንቅልፍ ላይ ነበርና «አዎ» አላቸው። ወረዱ። ባቡሩ ሄደ።

«ሰሌዳው ፊት ለፊቴ ነበር፤ መብራትም ነበረው» አሉ አዴ። «ግን ፊደሉ ለኔ የጉንዳን መንገድ ነው። ሚኤሶ መሆኑን የሰማሁት ሲነጋ ነው። ድሬዳዋ የደረስኩት በሁለተኛው ቀን። ወንድሜ ተቀብሮ አገኘሁት።»

ሁላችንም ዝም አልን።

ባቡሩ እንደገና ቆመ። አዴ ጣታቸውን መስታወቱ ላይ አድርገው «ሚ … ኤ … ሶ» ብለው አነበቡ። አዲሱ ጣቢያ የድሮው አይደለም፤ ስሙ ግን ያው ነው። አዴ እንባቸውን በነጠላቸው ጠረጉ። ከዚያ «እዚህ አልወርድም» አሉ።

ድሬዳዋ ስንደርስ እኛ ምንም አልተናገርንም። ቀድመው ያነበቡት እሳቸው ናቸው። «ተነሡ ልጆች፣ ደርሰናል!» አሉን። ቦርሳችንን ይዘን ተከተልናቸው።

ባሕሩን አላየንም። ሐዲዱ ከድሬዳዋ አልፎ እስከ ጅቡቲ ይሄዳል፤ የኛ ገንዘብ ግን እዚያ አያደርስም። ቢሆንም ከጉዞው አንድ ነገር ተምረናል። «እኛ እንነግርዎታለን» ማለታችን ደግነት መስሎን ነበር። አዴ የፈለጉት ግን በራሳቸው ዐይን አይተው መውረድ ነው።

እናንተም መንገድ ስትወጡ ሰሌዳውን አንብቡ። ቢያዳግታችሁ ሰው ጠይቁ። ከጠየቃችሁ በኋላም መልሳችሁ አንብቡ።