መልሰን ያረምነው ምስክርነት

የዕለቱ ንባብ፦ 2ኛ ነገሥት 20፥1-7

ይህን ጽሑፍ የምንጽፈው ባልና ሚስት ሆነን፣ አንዳችን እየተናገርን አንዳችን እየጻፍን ነው። ስኳር ያለበት ባል ነው፤ ወጥ የምትሠራውና ኪኒን የምትቆጥረው ሚስት ናት። መድኃኒቱን ያቆምነው ግን ሁለታችንም ነን፤ መድረክ ላይ ወጥተን ማይክ የያዝነውም ሁለታችን ነን። ስለዚህ «እኛ» እያልን እንጽፋለን።

ነገሩ የተጀመረው በመሥሪያ ቤት የጤና ምርመራ ነው። እኛ ምንም ሕመም የለም ብለን ነበር። አሁን ወደ ኋላ ስናየው ግን ነበር፤ ከምሳ በኋላ የሚጥል እንቅልፍ፣ አሥር ሰዓት ላይ ሰውን የሚያስቆጣ ረሃብ፣ ከዚያ አንድ ለስላሳ ከኬክ ጋር፣ ከዚያ እንደገና ድካም። «የሥራ ብዛት ነው» እንል ነበር። በባዶ ሆድ የተለካው ስኳር 148 ሆኖ ተገኘ። የጤነኛ ሰው ከ100 በታች ነው፤ ከ100 እስከ 125 ያለው ወደ ስኳር በሽታ መንገድ የጀመረ ነው፤ 126 እና ከዚያ በላይ ሁለት ጊዜ ከተገኘ በሽታው አለ ማለት ነው። በሳምንቱ ተደገመ፤ 151። የሦስት ወሩን አማካይ የሚያሳየው ምርመራ ደግሞ 7.9 በመቶ አለ። በዚህኛው 6.5 ሲደርስ ነው ስኳር የሚባለው።

ሐኪሟ ትዕግሥተኛ ነበረች። «ቆሽትዎ ኢንሱሊን ማምረት አላቆመም፤ ሰውነትዎ ነው የማይሰማው» አለችን። ነገሩ የገባን ግን ማታ ቤት ስንነጋገርበት፣ በቡና ጥሪ መስለን ነው። ቡና ተፈልቶ ልጅቷ ጎረቤት እንድትጠራ ትላካለች። ጎረቤት ሰምቶ ዝም ይላል። ሁለተኛ ልጅ ይላካል፣ ሦስተኛም ይላካል፤ በስንት ጩኸት አንዱ በሩን ይከፍታል። ልጆቹ ኢንሱሊን ናቸው፤ ጎረቤቶቹ ጡንቻው፣ ጉበቱና ስቡ። ቆሽት ለዓመታት ልጅ ሲልክ ኖሮ አንድ ቀን የሚልከው ያጥረዋል። ያን ጊዜ ስኳሩ ደጅ ላይ፣ ደም ውስጥ፣ ተከማችቶ ይቀራል።

የታዘዘልን ሜትፎርሚን 500 ሚሊግራም ነበር፤ ጠዋትና ማታ፣ ከምግብ ጋር። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ሆድን አገላበጠው፤ በጸሎት መካከል ስንት ጊዜ ተነሥተን እንደወጣን ባንናገር ይሻላል። ከዚያ ረጋ። ምግብም ቀነስን፤ በሻይ ላይ የሚጨመረው ስኳር ቀረ። ጸሎትም አላቋረጥንም።

በዚያ ሰሞን ነው ከሌላ ከተማ አንድ አገልጋይ የመጣው። ስለ ፈውስ ሰበከ፣ የታመሙትን ጠራ፣ እጁን ጭኖ ጸለየልን። እውነት ለመናገር በዚያ ምሽት የእግዚአብሔር መገኘት በጣም ተሰምቶናል፤ ይህንን ዛሬም አንክድም። በሳምንቱ የሦስት ወር ቀጠሯችን ደረሰ። በባዶ ሆድ የተለካው 104 ሆነ። ሐኪሟ «በጣም ጥሩ፣ መድኃኒቱ እየሠራ ነው፤ እንዲሁ ቀጥሉ» አለች። እኛ የሰማነው ግን «ጥሩ» የሚለውን ብቻ ነበር። ከክሊኒኩ በር ሳንርቅ «ጌታ ፈወሰን» ተባባልን።

መድኃኒት አቁሙ ያለን ሰው የለም። ይህንን አጥብቀን መናገር እንፈልጋለን፤ ሰባኪውም አላለም፣ መጋቢያችንም አላለም። እኛው ራሳችን ነን ኪኒኑን መዋጥ ማለት ጌታን አለማመን ነው ብለን የወሰንነው። ሦስት ወር ሙሉ ስኳሩን ሲያወርድ የነበረውን ነገር አንሥተን፣ መውረዱን የማያስፈልግ ለመሆኑ ማስረጃ አደረግነው። የቀረውን ኪኒን መሳቢያ ውስጥ፣ ከቆዩ መዝሙር ቤት ወረቀቶች ሥር ከተትነው። (አልጣልነውም። ለምን እንዳልጣልነው በኋላ ብዙ ተነጋግረንበታል።)

እሑድ መድረክ ላይ ወጣን። የላቦራቶሪውን ወረቀት ከፍ አድርገን «ስኳር የሚባል በቤታችን የለም!» አልን። እልልታው ጣሪያውን ሊያነሣው ደረሰ። እናቶች አለቀሱ። ያ ቀን ከሕይወታችን ደስ ካሉን ቀኖች አንዱ ነበር፤ ለዚህም ነው በኋላ ነገሩ የከበደን።

በሰባተኛው ሳምንት ሌሊት አራት አምስት ጊዜ ለሽንት መነሣት ተጀመረ። ጥማቱ በውኃ አይቆረጥም። የመጽሐፍ ቅዱሱ ፊደል ይደበዝዛል። የሚያውቁን ሰዎች ወዳሉበት ክሊኒክ መሄድ አፈርንና ራቅ ወዳለ ሰፈር ሄድን። 287። አዲሱ ሐኪም ሜትፎርሚኑን መልሶ ግሊቤንክላማይድ የሚባል ሌላ ኪኒን ጨመረበት። ይሄኛው ቆሽትን «ልጆቹን ላክ፣ ላክ» እያለ የሚገፋ ነው፤ ሰውየው ቢበላም ባይበላም ይገፋል። «ይህን ውጠው ምግብ እንዳይዘሉ» ብሎ አስጠነቀቀን። ሰምተናል። ግን ማን ነን ብለን ነው የማንጾመው? የተፈወስን ሰዎች ነና!

ቤተ ክርስቲያናችን የሦስት ቀን ጾም ጸሎት አወጀች፤ መዝጊያው ዓርብ ሌሊት የአዳር ጸሎት ነው። ሌላው ሰው ሁሉ ጾሟል። እኛም ጾምን፤ ኪኒኑን ግን ጠዋትም ማታም ዋጥን። ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ላይ ባል ላብ አጠመቀው። እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ከንፈሩ ይርዳል፣ የሚናገረው አይያያዝም። በዙሪያው ያሉት መንፈስ ቅዱስ የነካው መሰላቸው፤ ከበው በልሳን መጸለይ ጀመሩ። አንድ ወንድም ደግሞ ሌላ ነገር መስሎት «ውጣ! ልቀቀው!» እያለ ይገሥጻል። በዚያ ሁሉ ጩኸት መካከል ምን እየሆነ እንዳለ የምታውቀው ሚስት ብቻ ነበረች። ብትናገር ምስክርነታችን በአንድ አፍታ ይፈርሳል። ዝም ብትል ባሏ ይወድቃል። ምን ያህል ዝም እንዳለች እሷም አታውቀውም፤ አጭር ነበር፣ ግን ዝም ብላ ነበር። ከዚያ ጮኸች፦ «ስኳሩ ወርዶ ነው! ስኳር አምጡ!»

ጸሎቱ ቀጥ አለ።

ከኋላ ወንበር አንዲት እናት ሰው እየገፈተሩ መጡ። ከእጅ ቦርሳቸው የስኳር መለኪያ ማሽን አወጡ፣ ጣቱን ወጉ። 52። ከ70 በታች ሲሆን ነው ወርዷል የሚባለው። ከሻይ ክፍሉ ስኳር መጣ፤ መዋጥ ይችል ስለነበር አራት የሻይ ማንኪያ በውኃ አሟምተው አጠጡት። «ማንም እንዳይነካው፣ አሁን ዐሥራ አምስት ደቂቃ እንጠብቃለን» አሉ። ያን ያህል ጸጥ ያለ ዐሥራ አምስት ደቂቃ በዚያ አዳራሽ አይተን አናውቅም። እንደገና ለኩ፤ 78። ቁራሽ ዳቦ አበሉት። ከዚያ ወደ እኛ ዞረው በዝግታ «ልጆቼ፣ ለምን አልነገራችሁኝም? እኔ ስንት ዓመት ሙሉ ኢንሱሊን ስወጋ ቦርሳዬን ሸሽጌ አውቃለሁ?» አሉን። እውነት ነው፣ አይተናቸው አናውቅም ነበር እንጂ እሳቸው አልሸሸጉም።

ከሁሉ የባሰው ግን የመጣው በማግስቱ ነው። አንዲት እህት ስልክ ደወለችልን። ምስክርነታችንን ሰምታ፣ በዚያው ሳምንት የራሷን መድኃኒት አቁማ ነበር። ሁለት ወር ሊሞላት ነው። «እናንተን አይቼ አመንኩ» አለችን። አብረናት ሄድን፤ ማሽኑ 340 አሳየ። ሐኪሙ የእግሯን ጣቶች አንድ በአንድ ሲያይ አጠገቧ ቆመን ነበር። ጣቶቿ ደህና ነበሩ። እሷ ይቅር ብላናለች፣ አብረንም እንጸልያለን፤ ቀና ብለን ዓይኗን ማየት ግን እስከ ዛሬ ይከብደናል።

መጋቢያችንን ሄደን ማይኩን ድጋሚ ጠየቅነው። ጥቂት አሰበና «የማፍረስ ሳይሆን የማረም ይሁን» አለን። እሑድ ቆመን ሆነ ያልነው ሁሉ አለመሆኑን፣ መድኃኒት በራሳችን ማቆማችንን፣ በኋላም መደበቃችንን ተናገርን። ይቅርታ ጠየቅን። በእኛ ምክንያት መድኃኒቱን ያቆመ ካለ ነገውኑ ወደ ሐኪሙ እንዲመለስ ለመንን። እልልታ አልነበረም። ከፕሮግራሙ በኋላ ግን ሰዎች በየተራ መጥተው እጃችንን እየያዙ በጆሯችን ነገሩን፤ አንዱ ደም ግፊት፣ ሌላው ስኳር፣ አንዷ የሚጥል በሽታ። ለካ ብዙዎቻችን ኪኒናችንን በኪሳችን ደብቀን ነው ስንዘምር የኖርነው።

በዚያ ሳምንት የሕዝቅያስን ታሪክ እንደገና አነበብን። ስንት ጊዜ ሰብከንበታል! ንጉሡ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ማልቀሱን፣ ዐሥራ አምስት ዓመት መጨመሩን በቃላችን እናውቃለን። በለሱን ግን አላየነውም ነበር። ቅደም ተከተሉን ተመልከቱ፤ እግዚአብሔር አስቀድሞ እንደሚፈውሰው ተናገረ፣ በሦስተኛው ቀን ወደ ቤቱ እንደሚወጣም ተናገረ። ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው ኢሳይያስ የበለስ ጥፍጥፍ እንዲያመጡ ያዘዘው፤ በቁስሉም ላይ አደረጉት። ተስፋው በለሱን አላስቀረውም። ሕዝቅያስ «ጌታ ተናግሯል፣ በለስ ምን ያደርግልኛል?» አላለም። ጳውሎስም ቢሆን በእጁ ብዙዎች ተፈውሰው ሳለ ጥሮፊሞስን ታሞ በሚሊጢን እንደተወው ይጽፋል፤ ጢሞቴዎስንም ስለ ሆዱ የሚጠቅመውን እንዲወስድ ይመክረዋል። ሜትፎርሚን ራሱ መነሻው ጋሌጋ የሚባል፣ አውሮፓውያን በባህል መድኃኒትነት የሚያውቁት ተክል ነው፤ ፈረንሳዊው ሐኪም ዣን ስተርን በስኳር ሕሙማን ላይ ሞክሮ ውጤቱን ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1957 ነው። ለእኛ ይህች ነጭ ኪኒን በለሳችን ናት።

አሁን እንዴት እየኖርን ነው? ጤፍ ስኳር አያመጣም የሚሉ ሰዎች አሉ፤ እኛም እንል ነበር። ማሽኑ ግን ያስተምራል። ሁለት እንጀራ በሽሮ በልተን ከሁለት ሰዓት በኋላ ስንለካ 236 ሆነ። በሌላ ቀን ጎመኑንና ምስሩን አስቀድመን፣ ግማሽ እንጀራ አስከትለን፣ ከእራት በኋላ ሃያ ደቂቃ በግቢው ዙሪያ ስንመላለስ 158። የሚንቀሳቀስ ጡንቻ ጥሪውን ብዙም ሳይጠብቅ ስኳር ይወስዳል። አንድ ጠርሙስ ለስላሳ ወደ ስምንት የሻይ ማንኪያ ስኳር አለው፤ እንግዳ ስንሄድ ውኃ መጠየቅ መጀመሪያ ላይ እንደ ስድብ ይቆጠርብን ነበር። ጉርሻን እምቢ ማለት ደግሞ ከሁሉ ይከብዳል፤ አማታችን ናቸውና የሚያጎርሱን፣ እዚያ ላይ ጸጋ እየለመንን ነው። አብሽና ሽፈራው የሚልኩልን ወዳጆችም ብዙ ናቸው፤ እናመሰግናለን፣ ኪኒኑን ግን አይተኩም።

አንድ ነገር በጣም ግራ ያጋባን ነበር፤ እራት ሳይበላ ታድሮ ጠዋት 160 መሆኑ። ሐኪሟ (አዎ፣ ወደ መጀመሪያዋ ተመልሰናል፤ ምንም አልተቆጣችንም) ሌሊት ጉበት ራሱ ስኳር ወደ ደም እንደሚለቅ፣ ኢንሱሊን የማይሰማ ጉበት ደግሞ መቼ ማቆም እንዳለበት እንደማያውቅ አስረዳችን። ሜትፎርሚን በዋናነት የሚሠራው እዚያ ነው። ግሊቤንክላማይዱን አስቀርታ ሜትፎርሚኑን ከፍ አደረገችው። ጾም ሲታወጅ አስቀድመን እንነግራታለን፤ ምን እንደምንዘል፣ ምን እንደማንዘል ትነግረናለች። ባል አንዳንዱን ጾም ከምግብ ሳይሆን ከስልክ ይጾማል፤ እውነቱን ለመናገር ይሄኛው ብሶበታል።

የመጨረሻው የሦስት ወር ውጤት 6.8 ነው። ፈውስ እንለምናለን፤ ማታ ኪኒኑ መዳፍ ላይ ሆኖ ሳለ እንኳ እንለምናለን። ከዚያ እንውጠዋለን።

የፊታችን ረቡዕ ደግሞ ቀጠሮ አለ። ያቺ እህትም ቀጠሮዋን ከእኛ ጋር አንድ ቀን አድርጋዋለች። ሦስታችን በባዶ ሆድ በአንድ ታክሲ እንሄዳለን፤ ደም ከሰጠን በኋላ ቁርስ የት እንደምንበላ ካሁኑ ክርክር ይዘናል። እሷ ቂንጬ ትላለች፣ እኛ እንቁላል።