ለአጥቂ የምሰጠው ነጥብ

ስለ ማጥቃት በቁጥር መከራከር የጀመርኩት እውነትን ወድጄ ብቻ ነው ብል እዋሻለሁ። ሽንሌ ውስጥ ኳስ በምናይበት ቤት ክርክሩን የሚረታው ድምፁ የጎላ ነው፤ እኔ ደግሞ ጮክ ብዬ መናገር አልችልበትም። ደብተር ይዤ መምጣት ስጀምር ሰው ያዳምጠኝ ጀመር። ደስ አለኝ፤ ዛሬም ደስ ይለኛል። ከዚህ ደስታ ውስጥ የቱ እውነትን መውደድ፣ የቱ የመርታት ጥማት እንደሆነ መለየት ግን ይቸግረኛል።

ጊዜው 2013 ዓ.ም. ነበር። ፕሪሚየር ሊጉ በኮሮና ምክንያት ከተማ እየቀያየረ ይካሄድ ነበር፤ ጎረቤታችን ድሬዳዋም ተራዋን አስተናግዳለች። ጨዋታው በዲኤስቲቪ መተላለፍ የጀመረውም ያን ዓመት ነው። የኢትዮጵያ ቡናው አቡበከር ናስር 29 ግብ አስቆጥሮ ጌታነህ ከበደ በ25 ግብ ይዞት የነበረውን ክብረ ወሰን ሰበረ። «አብቲ (አጎቴ)፣ 29 ግብ እያለ ሌላ ምን ትቆጥራለህ?» ይሉኝ ነበር አብረውኝ የሚያዩት ልጆች።

የምቆጥረው ሙከራውን ነው። ኳሱ ከየት ተመታ? በእግር ነው በግንባር? ከፊቱ ማን ቆሟል? እንዲህ ያለ ምት ከዚህ ቀደም ከመቶ ስንት ጊዜ ገብቷል? ፍጹም ቅጣት ምት ከ100 ከ75 በላይ ስለሚገባ ከ0.75 ከፍ ብሎ ይመዘናል፤ ከሩቅ የተመታ ኳስ 0.05 እንኳ ላይሞላ ይችላል። ድምሩ የሚጠበቅ ግብ ይባላል። በ2005 ዓ.ም. በደቡብ አፍሪካው የአፍሪካ ዋንጫ ሳላዲን ሰይድ ከዛምቢያ ጋር ያመከነው ፍጹም ቅጣት ምት በውጤት ሰሌዳው ላይ ዋጋ የለውም። በዚህ ሚዛን ግን እስከዚያ ያደረሰን ማጥቃት ዋጋው አይጠፋም። ያ ኳስ ዛሬም ስለሚያመኝ፣ ይህን ማወቄ አጽናንቶኛል።

ቁጥርም ያሳስታል። እንግሊዛዊው ቻርለስ ሪፕ ከ1950 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ጨዋታ እየመዘገበ፣ አብዛኛው ግብ ከሦስት ቅብብል ባልበለጠ ኳስ እንደሚገኝ አየና ረጅም ኳስን ሰበከ። ግን አብዛኛው ኳስ ከሦስት ቅብብል ሳያልፍ ነው የሚነጠቀው፤ ታዲያ ግቡም ከዚያው ቢበዛ ምን ይደንቃል? ቅብብል ለሚወድ እንደኛ ላለ ተመልካች ይህን ስህተት ማወቅ ትልቅ ነገር ነው።

የእኔ ሥጋት ግን ከሪፕ ስህተት ይለያል። መሣሪያዬ ዓይኔና እርሳሴ ናቸው። አቡበከር ሲያገባ «ከባድ ነበር» ብዬ ዝቅተኛ ነጥብ እጽፋለሁ፤ ችሎታው ጎልቶ እንዲታይ። ሲስትም «ከባድ ነበር» እላለሁ፤ እንዳይወቀስ። ሌላው አጥቂ ከዚያው ቦታ ሲስት ያው ዕድል እጄ ላይ ቀላል ይሆናል። ማንም አላዘዘኝም። ልጁን እወደዋለሁ፤ ፍቅሬ ከእርሳሴ ቀድሞ ይጽፋል።

አሁን አንድ ተማሪ አጠገቤ አስቀምጬ፣ አንዳችን የሌላውን ሳናይ ነጥብ እንሰጣለን። ስለ ሌሎቹ ብዙም አንራራቅም። አቡበከር ላይ ስንደርስ ግን የተማሪውና የእኔ ቁጥር አይገናኝም። የእኔን ልሰርዝ አስቤ እጄ እምቢ አለኝ፤ ሁለቱንም ጎን ለጎን እጽፋቸዋለሁ። ክርክር ሲነሳ ቀድሜ የማነበው የተማሪውን ነው።