ከካራቆሬ እስከ ሐይቅ፦ የውኃው ደንብ የማን ነው?

ልጆች ይዘው ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚጓዙ ከሆነ፣ ጣርማበርን ወርደው ሸዋ ሮቢትንና አጣዬን ሲያልፉ ካራቆሬ ይደርሳሉ። በ1953 ዓ.ም. ከባድ የመሬት መንቀጥቀጥ የመታት ይህች የይፋት ከተማ ሐይቅ የላትም። ስለ ዓሣ ለሚያስብ ሰው ግን የምትነግረው አላት።

በቆላው በጋ ሲገባ ትልቁ ጉዳይ የመስኖ ውኃ ነው። በብዙ የአማራ ክልል ቀበሌዎች ገበሬው የሚያጠጣው በተራ ነው፤ ተራውን የሚያስከብረው ተጠቃሚዎቹ ራሳቸው የሚመርጡት «የውኃ አባት» ነው። ቦይ ሲደፈን ሁሉም ወጥቶ ይጠርጋል። ተራ የሰረቀውን ለመለየት ከወረዳ ሰው መምጣት የለበትም።

መንገዱ በከሚሴ፣ በኮምቦልቻና በደሴ አልፎ ሐይቅ ከተማ ያደርሳል። እስጢፋኖስ ገዳም ባለበት በዚህ ሐይቅ ቆሮሶ የተጨመረው በ1970 ዓ.ም. ገደማ ሲሆን፣ ዛሬ የብዙ ቤተሰብ እንጀራ ነው።

እንጀራው እንዳይቋረጥ የጣናን ታሪክ ማወቅ ይጠቅማል። የጣና ነጭ ዓሣ በክረምት እንቁላሉን ለመጣል ወደ ጉማራና ርብ ወንዞች ይወጣል። በወንዞቹ አፍ መረብ ይጠብቀዋል፤ ሽቅብ ሲወጣም የተወቀጠ የብርብራ ፍሬ ያደነዝዘዋል። ከ1983 እስከ 1993 ዓ.ም. ወደ ወንዝ የሚወጡት ዝርያዎች በሦስት አራተኛ ገደማ መቀነሳቸውን ተመራማሪዎች መዝግበዋል። በ1995 ዓ.ም. የፌዴራሉ የዓሣ ሀብት አዋጅ ቁጥር 315 ወጣ፤ ክልሉም የራሱን አወጣ።

አዋጅ መውጣቱ ደግ ነው። ሆኖም «ክረምት አታስግር» የተባለ አባት ልጆቹን በምን ያብላ? ይህ ካልተመለሰ መረቡ በሌሊት ይወርዳል። የትኛው የወንዝ አፍ መቼ ይዘጋ፣ የመረቡ ዓይን ምን ያህል ይስፋ፣ በተዘጋው ወቅት ምን ይሠራ የሚለው ዓሣ አስጋሪው ባለበት መወሰን አለበት። በታንኳ የኖሩት ነገደ ወይጦዎችና ዓሣ አጽድተው የሚሸጡት ሴቶችም ሊቀሩ አይገባም። የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት አባል አገሮች በ2006 ዓ.ም. ያጸደቁት የአነስተኛ ዓሣ አስጋሪዎች መመሪያም ይህንኑ ይጠይቃል። የካራቆሬ ገበሬ በቦዩ ላይ ያለው ሥልጣን ለአስጋሪውም በሐይቁ ላይ ቢሰጠው ደንቡ ጠባቂ ያገኛል።

የእኛም ድርሻ አለ። ሐይቅ ዳር ወርደው ዓሣ ሲገዙ ገና ያላደገ ጫጩት ከሆነ ይተውት፤ ለምን እንደተዉትም ለልጅዎ ይንገሩት።