የግጥሚያው ዋዜማ

እግር ኳስ ዘጠና ደቂቃ ነው የሚል ሰው ከገጠማችሁ፣ ደጋፊ ሆኖ እንደማያውቅ ዕወቁለት። ለደጋፊ ግጥሚያው የሚጀመረው ሰኞ ጧት ነው። ከዚያ እስከ ቅዳሜ ያለው ጊዜ የጭፈራ፣ የፉከራና የስድብ ጊዜ ነው፤ ሳልደብቅ ለመናገር እኔ ከጨዋታው ይልቅ ይኸን ጊዜ እወዳለሁ። የሥነ ጽሑፍ ተማሪ ስለ ሆንሁ ይሆናል፤ ወይም ኳስ መምታት ስለማልችል።

ብዕር ያስነሣኝ የፊታችን ቅዳሜ ከመሐንዲሶቹ ጋር ያለን ጥሎ ማለፍ ነው። ካለፈው እሑድ ወዲህ ሁለት ሰዎች ለየብቻ መጥተው «ግጥም ትችላለህ አሉ» ብለውኛል። አንደኛው የጠየቀውን አግኝቶ ደስ ብሎት ሄደ። ሁለተኛው አኩርፏል። ያኮረፈበትን ምክንያት ከመናገሬ በፊት ጥቂት ዓመታት ወደ ኋላ ልመለስ።

በ2014 ዓ.ም. አዲስ አበባ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ፣ ትምህርት ቤታችን ከጎረቤቱ ትምህርት ቤት ጋር በጥሎ ማለፍ ተገናኘ። ሁለቱን የሚለያቸው አንድ የአስፋልት መንገድና አንድ ሻይ ቤት ነበር። ሻይ ቤቱ የጋራ ስለ ሆነ ጦርነቱ የሚካሄደው እዚያ ነው። በዕረፍት ሰዓት እነርሱ በስተቀኝ እኛ በስተግራ እንቀመጣለን፤ ጠረጴዛው ከበሮ ይሆናል። እኛ በበረኛቸው ጀመርን፤

ቅቤ ነው መሰለኝ እጁ የበረኛው፣
ኳሷ ስትመጣ ቀልጦ የሚተኛው።

በረኛው ራሱ እዚያው ተቀምጦ ሻዩን ይጠጣ ነበር። ምንም ሳይናገር ብርጭቆውን በሁለት ጣቱ ብቻ ይዞ ከራሱ በላይ ከፍ አደረገና ዞር ዞር አድርጎ አሳየን። አልወደቀም። በማግሥቱ ደግሞ መልሱ በግጥም መጣ፤

ውኃ በፈረቃ ለሚያገኝ ሰፈር፣
ዋንጫ ምን ያረጋል፣ ባልዲ ይሰጥ ነበር።

እዚህ ላይ የራሳችን ሰዎች ሳይቀሩ ሳቁ። ምን ይደረግ፣ እውነት ነው! በዚያ ሰሞን ቧንቧችን ውኃ የሚያወርደው በሳምንት ሁለት ቀን ነበር። የእነርሱም ሰፈር ቢሆን እንደኛው በፈረቃ ነው፤ ባልዲ ይዞ ሌሊት ተሰልፎ የማያውቅ ሰው ያንን ግጥም አይገጥመውም። ስድቡ ያልመረረን የተናገረው ሰው ኑሯችንን የሚኖር ስለ ነበረ ይመስለኛል።

ይህ ደግሞ የተማሪ ጠባይ ብቻ አይደለም። አጎቴ የቅዱስ ጊዮርጊስ ደጋፊ ነው፤ ክለቡ በ1928 ዓ.ም. ስለ ተመሠረተ ኳስን ወደዚህ አገር ያስገባው እርሱ ራሱ ይመስለዋል። ግድግዳ የሚጋሩት ጎረቤቱ ደግሞ የኢትዮጵያ ቡና ሰው ናቸው። ሁለቱ ቡድኖች በሚገናኙበት ሳምንት አጎቴ ቡና አይቀምስም፤ ሻይ ነው የሚያዘው። ጎረቤቱም በበኩላቸው የጊዮርጊስ ቢራ ከቤታቸው ደጃፍ አያስደርሱም። የተሸነፈው ወገን በማግሥቱ ከአሸናፊው ቤት ሄዶ ያንን የተወውን መጠጥ መጠጣት አለበት። ድሮ አብረው ስታዲዮም ይገቡ ነበር፤ አንዱ ካታንጋ ሌላው ሚስማር ተራ። (ከነዚያ መቀመጫዎች አንዱን «ከማን አንሼ» ብሎ የሰየመ ሰው ያለ ጥርጥር ገጣሚ ነበር።) ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ሊጉ ቡድኖቹን በአንድ ከተማ እየሰበሰበ በየተራው ማጫወት ሲጀምር፣ ሁለቱ በአንድ ቴሌቪዥን ፊት ተቀምጠው መሰዳደብ ግድ ሆነባቸው።

ወደ ሻይ ቤቱ ልመለስ። ዓርብ ዕለት አንድ ልጅ ሌላ ግጥም ጽፎ አመጣ። ቤት ይመታል፤ እንዲያውም ከእኔ ይሻል ነበር። የሚናገረው ግን ስለ አጥቂያቸው አባት ነው፤ ከየት አገር እንደ መጡ፣ አማርኛ ሲናገሩ አንደበታቸው እንዴት እንደሚይዛቸው። አስጨፋሪያችን የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነው፤ ድምፁ እንደ ደወል፣ በትምህርቱ ግን እጅግም። ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበና «ይኸን ብዘፍን ልጁ ነገ ምን ብሎ ይመልስልኛል?» አለ። ከዚያ አጥፎ ኪሱ ከተተው፤ ዳግመኛ ያየው የለም።

ከዚያ ወዲህ ብዙ የሒስ መጻሕፍት አንብቤአለሁ፤ ከዚያ ጥያቄ የተሻለ መመዘኛ ግን አላገኘሁም። እጅህ ቅቤ ነው የተባለ በረኛ በብርጭቆ ይመልሳል፤ ሜዳ ገብቶም ይመልሳል። (ለማወቅ ለሚጓጓ፣ በፍጹም ቅጣት ምት ተሸነፍን፤ ያ በረኛ ሁለት አዳነ።) በአባቱ አገር የተሰደበ ልጅ ግን ስንት ጎል ቢያገባ ይመልሰዋል?

ነገር አጋነንህ የሚለኝ ይኖራል። በኅዳር 2010 ዓ.ም. ወልድያ ላይ የወልድያና የመቐለ ቡድኖች ሊጋጠሙ ነበር። ጨዋታው ሳይጀመር በደጋፊዎች መካከል ግጭት ተነሣና ግጥሚያው ቀረ። በተከተሉት ሳምንታት በአንዳንድ ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪ በተማሪ ላይ ተነሥቶ ሕይወት ጠፍቷል። ያ ሁሉ ከጭፈራ የመጣ ነው አልልም፤ ሥሩ ከኳስ ሜዳ በጣም የራቀ ነው። ነገር ግን መውጫ ሲፈልግ ከከፈታቸው በሮች አንዱ የስታዲዮም በር ነበር፤ ከዚያ ያለፈው ደግሞ እንደ እኛ ያሉ ተማሪዎች ወደሚተኙበት ግቢ ነው።

እንግዲህ ሁለተኛው እንግዳዬ የፈለገው የዚያን የኪስ ወረቀት ታናሽ ወንድም ነበር። የመሐንዲሶቹ አማካይ ስለ ተወለደበት አገር ሁለት ስንኝ፣ ከተቻለም ስለ ቋንቋው አንድ። አይሆንም አልሁት። ፈሪ አለኝ። ይበል። ያ አማካይ የሚተኛው ከእኔ አልጋ በላይ ባለው አልጋ ነው፤ እናቱ የላኩለትን በሶ እየበላሁ ነው ሁለተኛ ዓመትን የጨረስሁት። ሌሊት ሲገላበጥ አልጋው እንደ አሮጌ ጋሪ መንጫጫቱን ግጠም ብትሉኝ ሌላ ነገር ነው፤ ለእርሱ መልስ አያጣም።

ለአንደኛው እንግዳዬ የሰጠሁት ይኸው፤

ቀመር ሲፈልጉ ኳሷን ለመምታቱ፣
ዳኛው ፊሽካ ነፍቶ ገብቷል ወደ ቤቱ።

ሐሙስ በምሳ ሰዓት ካፊቴርያው ደጃፍ እንጨፍርበታለን። መሐንዲሶች፣ እስከ ዓርብ ማታ ጊዜ አላችሁ፤ ቤት መምታት ካቃታችሁ ማስያ ማሽን ይዛችሁ መምጣት ይፈቀዳል።