ቁጥራችንን እንያዝ

ጁባ ውስጥ ኤም ቲ ኤንና ዜን ደንበኛውን ይዘው ሳሉ ዲጂቴል እ.ኤ.አ. በ2021 ገባ። በአገራችንም ኢትዮ ቴሌኮም ብቻውን በኖረበት ገበያ ሳፋሪኮም እ.ኤ.አ. በ2022 ሥራ ጀመረ። አዲስ ድርጅት ዋጋ ቢቀንስ እንኳ አንድ ነገር ይከብደዋል፤ ዘመድ የሚያውቀው የዱሮውን ቁጥር ነው። ስለዚህ ብዙ ሰው የዱሮውን ሳይጥል አዲሱን በሁለተኛ ሲም ካርድ ይሞክራል።

ለእኛ ለስደተኞች የስልክ ቁጥር አድራሻችን ነው። ሆኖም ቁጥሩ የእኛ ቢመስለንም የድርጅቱ ነው። እዚሁ ደቡብ ሱዳን ቪቫሴል እ.ኤ.አ. በ2018 ፈቃዱ ሲታገድ ቁጥሮቹም አብረው ዝም አሉ። እኔ የእናቴን ቁጥር በቃሌ ይዣለሁ። እናንተም ርካሹን ሞክሩ፤ የዘመዶቻችሁን ቁጥር ግን ዛሬውኑ ደብተራችሁ ላይ ጻፉ።