ኳሱን አትቀይሩት

ቨርጂኒያ ውስጥ በስፕሪንግፊልድና በአሌክሳንድሪያ ዙሪያ እኔ በማዘወትራቸው የሐበሻ ምግብ ቤቶች ቴሌቪዥኑ የሚያሳየው ኳስ ነው። ፕሪሚየር ሊግ ከሌለ የትናንቱ ይደገማል፤ እሱም ከጠፋ ጎልፍ። ጎልፍ የሚገባው ደንበኛ አላጋጠመኝም፤ ቀይሩልን የሚልም እንዲሁ። አንዱን ባለቤት «ምነው የሀገር ቤት ዜና አትከፍትም?» ብለው፣ ሪሞቱን ከባንኮኒው ሥር አውጥቶ አሳየኝና መልሶ ደበቀው። «ጋሼ፣ አንዱን ጣቢያ ስከፍት ግማሹ ቤት ሂሳብ ይላል፤ ሌላውን ስከፍት የቀረው ይነሳል። ጎልፍ ግን ለሁሉም እኩል አይገባም» አለኝ።

ከዚያ ወዲህ ዓይኔ ጥቃቅን ነገር መልቀም ለምዷል። መኪና ውስጥ የተንጠለጠለች ባንዲራ ሳይ ቀድሜ የማየው ኮከብ ያላት ወይም ልሙጥ መሆኗን ነው። ቀልድ አይደለም፤ በመስከረም 2007 ዓ.ም. ሰልፈኞች ዋሽንግተን ካለው ኤምባሲያችን ግቢ ገብተው ባለኮከቡን አውርደው ልሙጡን ሲሰቅሉ፣ ከውስጥ ሽጉጥ ተተኩሷል። ደግነቱ ማንም አልተጎዳም።

የሐበሻ ግሮሰሪ መስታወት ላይ የሚለጠፉ ወረቀቶችንም አነባለሁ። ልጅ እንይዛለን፣ የድፎ ዳቦ ትእዛዝ እንቀበላለን፣ ታክስ እንሠራለን፣ ክፍል ይከራያል። አንድ ወዳጄ ስፕሪንግፊልድ ውስጥ ለባቡር ጣቢያው ቅርብ የሆነ ቤዝመንት አግኝቶ ደወለ። ኪራዩንም፣ ኢንተርኔቱንም፣ መኪና ማቆሚያውንም ተስማሙ። በመጨረሻ ሴትዮዋ ድምፃቸውን አለስልሰው «የኔ ልጅ፣ አገርህ ወዴት ነው?» አሉት።

«አዲስ አበባ።»

«እሱማ ሁላችንም አዲስ አበባ ነን። የአባትህን ማለቴ ነው።»

የአባቱን አገር ነገራቸው። «ትናንት አንድ ልጅ አይቶት ሄዷል፤ ከቀረ እደውልልሃለሁ» አሉት። ወረቀቱ እስከ ፋሲካ ድረስ መስታወቱ ላይ ነበር።

ይህ የኛ ብቻ ገመና እንዳይመስላችሁ። ሻንቶ አየንጋር የሚባሉ የስታንፎርድ የፖለቲካ ሳይንስ ምሁር ከባልደረቦቻቸው ጋር የቆዩ መጠይቆችን አነጻጽረው ነበር። በፈረንጆቹ 1960 ልጃቸው የሌላ ፓርቲ ደጋፊ ቢያገባ ቅር የሚላቸው አሜሪካውያን ከመቶ 5 ገደማ ነበሩ። በ2010 ከሪፐብሊካኖቹ ግማሽ ያህሉ፣ ከዴሞክራቶቹም ሲሶው ቅር ይለናል ብለዋል። አሜሪካዊ ጎረቤቶቼ ግን ቢያንስ በምርጫ ሰሞን ማንን እንደሚደግፉ የሚናገር ሰሌዳ ግቢያቸው ሣር ላይ በወጉ ይተክላሉ። እኛ ያንተን ወገን ለማወቅ የአባትህን አገር እንጠይቃለን።

ኳሱስ ቢሆን መች አመለጠ? በሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያውያን ስፖርት ፌዴሬሽን የተቋቋመው በፈረንጆቹ 1984 ነው። በየዓመቱ በፈረንጆቹ ሐምሌ መጀመሪያ ላይ ከየከተማው ቡድን ይመጣል፤ ኳሱን የሚያየው ጥቂት ነው፤ የቀረው የጠፋ ዘመድ ይፈልጋል፣ ጥብስ ይበላል። በፈረንጆቹ 2012 በዚያው ሳምንት ሁለት ውድድር ተደረገ፤ ነባሩ ዳላስ፣ በሼህ መሐመድ አል አሙዲ ገንዘብ የተደገፈው አዲሱ ደግሞ እዚሁ ዋሽንግተን። የዚያን ዓመት «ኳስ የት ነህ?» ተብሎ ሲጠየቅ፣ ጠያቂው የከተማ ስም ብቻ አልነበረም የሚፈልገው።

ከሁሉ የሚከብደኝ ግን ቤተ ክርስቲያኑ ነው። ቅዳሴው ያው ቅዳሴ፣ ዜማው ያው ያሬድ ነው። ዲያቆኑ ስለ ፓትርያርኩ ጸልዩ ሲል የሚጠራት አንዲት ስም ነበረች ሁሉን የምትለየው። አቡነ መርቆሬዎስ ከተባለ የስደተኛው ሲኖዶስ ነው። አቡነ ጳውሎስ፣ ኋላም አቡነ ማትያስ ከተባለ የሀገር ቤቱ ነው። ሁለቱንም አንጠራም ያሉት ደግሞ «ገለልተኛ» ተባሉ። ገለልተኝነት እንዴት ሦስተኛ ወገን እንደሚሆን ማየት የፈለገ እኛ ዘንድ መምጣት ነበረበት። የገለልተኛው ምእመን ከሁለቱም ይታማል፤ እሱም በተራው ሁለቱንም ያማል። አንዲት እናት ልጃቸው ክርስትና የሚያስነሳበትን ደብር ሲነግራቸው መጀመሪያ የጠየቁት «ማንን ይጠራሉ?» ብለው ነበር። የሕፃኑን ስም የጠየቁት ቀጥለው ነው።

በሐምሌ 2010 ዓ.ም. እዚሁ ዋሽንግተን ላይ ሁለቱ ሲኖዶሶች ታረቁ። አቡነ መርቆሬዎስ ከብዙ ዘመን ስደት በኋላ አዲስ አበባ ገቡ፤ በቅዳሴውም የሁለቱም አባቶች ስም አብሮ ይጠራ ተባለ። ያን ሰሞን ያላለቀሰ ሰው አላየሁም። በዚያው ሰሞን የመጡት ጠቅላይ ሚኒስትር ጉብኝት መፈክርም ግንቡን አፍርሰን ድልድይ እንገንባ የሚል ነበር፤ የስብሰባ ማዕከሉም ከአፍ እስከ ገደፉ ሞላ። ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ሳይሞላ የትግራዩ ጦርነት የፈነዳበት ጥቅምት 24፣ 2013 መጣ። በዚያው ዓመት የትግራይ አባቶች የራሳቸውን መንበር ማቋቋማቸውን ይፋ አደረጉ። በጥር 2015 ደግሞ ሦስት ሊቃነ ጳጳሳት ወሊሶ ላይ 26 ኤጲስ ቆጶሳት ሾሙና ሕዝቡ ጥቁር ለበሰ። እዚህም በየአዳራሹ ወንበር ሲራራቅ አየን። ድልድይ ካነሳን፣ ስፕሪንግፊልድ በአሜሪካ የምትታወቀው 95፣ 395 እና 495 ቁጥር አውራ ጎዳናዎች በሚገናኙባት መጋጠሚያ ነው። ስምንት ዓመት ተሠርቶ በፈረንጆቹ 2007 ያለቀ፣ 676 ሚሊዮን ዶላር ገደማ የፈጀ ድልድይ በድልድይ ነው፤ ዓላማው ሁሉ ከየአቅጣጫው የመጣው ሰው ሳይነካካ እንዲተላለፍ ነው። እኛ ይህን ያለ አንድ ሳንቲም ወጪ በአንድ አዳራሽ ውስጥ ሠርተነዋል።

በነገራችን ላይ፣ ወገን ለይቶ መከራከሩ የፖለቲካ ፓርቲ ከመምጣቱ በፊትም ነበረን። በነገረ መለኮት ካራ፣ ቅባት፣ ጸጋ ተባብለን ስንት ዘመን ተጋደልን! በ1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ ሊቃውንቱን ቦሩ ሜዳ ሰብስበው ሲያከራክሩ፣ ከእስክንድርያው ፓትርያርክ የመጣ ደብዳቤ ጭምር ቀርቦ ለካራዎቹ ተፈረደ። የተረታው ወገን ይመለስ ተባለ። የወሎ እስላምም ይጠመቅ ተብሎ መሐመድ ዓሊ ሚካኤል ሆኑ። ሐሳብን በአዋጅ ማጥፋት ከዚያ በላይ አይሞከርም። ይኸው የነሱ ልጆች ዛሬ እስክንድርያ ቨርጂኒያ ተቀምጠን እንካሰሳለን፤ ለነገሩ በፈረንጆቹ 2010 ስርጭት የጀመረው ኢሳት የተባለው የዳያስፖራ ቴሌቪዥንም አንዱ ስቱዲዮው እዚችው አሌክሳንድሪያ ነበር። ፍርዱ ከእስክንድርያ መምጣቱ አልቀረም።

መቻቻል ሲባል ዝም ማለት የሚመስላቸው አሉ። አይደለም። በግንቦት 2004 ዓ.ም. አበበ ገላው የተባለው ጋዜጠኛ ዋሽንግተን በሮናልድ ሬገን ሕንጻ ከአዳራሹ ተነስቶ በመለስ ዜናዊ ላይ ሲጮህ፣ ነውር ነው ያሉም ጀግና ነው ያሉም ነበሩ። እኔ ነውር አልልም። ጠቅላይ ሚኒስትር ጦር አለው፣ ቴሌቪዥን አለው፣ እስር ቤት አለው፤ አንድ ጩኸት ቢሰማ ምን ይሆናል? የማይዋጥልኝ ቀጥሎ የመጣው ፋሽን ነው። እንጀራ ሊገዛ የገባ ተራ ሰው ፊት ላይ ስልክ ደግኖ «ባንዳ! ሆድ አደር!» እያሉ በቀጥታ ማስተላለፍ። ሰውዬው ሥልጣን የለው፣ ጠባቂ የለው፤ ያለው በፌስታል አምስት እንጀራ ነው። የቀረፀውም ሰው ደፋር ነኝ ብሎ ቤቱ ይገባል።

ታዲያ ድንበሩ የት ነው? መልሱን ከመጽሐፍ ሳይሆን እዚሁ ስፕሪንግፊልድ አንድ ለቅሶ ቤት ውስጥ ነው ያገኘሁት። ለቅሶ የሁሉም ነው። እድሩ አስከሬን ወደ አገር ለመላክ ሲያዋጣ የማን ወገን ነው ብሎ አይጠይቅም፤ እኔ ያለሁበትማ ፖለቲካ አይነሳም የሚል ደንብ አለው። ቤዝመንቱ ሞልቷል። ከጦርነቱ ወዲህ ሰላምታ ያቋረጡ ሁለት ሰዎች አሉ፤ አንዱ የሻይ ትሪ ይዞ ሲዞር ሌላው ቀና ሳይል ብርጭቆውን አንስቶ «እግዜር ይስጥልኝ» አለ። ይህን ያህል እንኳ ስንት ወር ፈጅቷል! ጥግ ላይ ካርታ ከሚጫወቱት መሃል አንድ ወጣት ስልኩን አየና፣ ከአገር ቤት የሞት ዜና ነበር፣ «እሰይ! ይበላቸው!» አለ።

ካርታው ቆመ። ከሶፋው ላይ አንድ ሽማግሌ ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሱ። «አንተ ልጅ፣ ጫማህን አድርግና ውጣ» አሉት። ልጁ ፈገግ ሊል ሞከረ። «አባባ፣ እርስዎ እኮ የኛ ነዎት» አላቸው። «ለዚህ ነው ውጣ የምልህ» አሉት። ወጣ። ሽማግሌው ተመልሰው ተቀመጡና ሻያቸውን ጠጡ።

እውነት ነበር፤ የልጁ ወገን ናቸው። ስብሰባውም ሰልፉም ላይ ከፊት የማየው እሳቸውን ነው። ከማዶ ያለው ሰው ተነስቶ ውጣ ቢለው ኖሮ የዚያ ቀን ለቅሶ በፖሊስ ያልቅ ነበር።

አገር በፌዴራል ትተዳደር፣ በአሐዳዊ፣ ሕገ መንግሥቱ ይቀደድ፣ ይጠገን፣ ይህን የሚል ሁሉ ከጎኔ ይቀመጥ፤ ሻይም እቀዳለታለሁ፣ እስከ ሌሊትም እከራከረዋለሁ። በሰው ሞት እሰይ የሚለው ግን ሐሳቡ ነው ተብሎ አይታለፍም፤ ይልቁንም የኔ ወገን ሲሆን። የሌላውን ማስወጣትማ ማንም ይችላል።

አሁን አሁን ሰው ስለ መቻቻል ሲያወራኝ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ከራስህ ወገን ማንን ውጣ ብለሃል? እስካሁን መልስ የሰጠኝ ጥቂት ነው። እናንተ ካላችሁ ንገሩኝ።