ዋሽንግተን ቅርብ፣ አስመራ ሩቅ

አየር ጤና በሚገኘው ቤታችን ደጃፍ ተቀምጣ ከቦሌ ተነሥቶ የሚያልፈውን አውሮፕላን በዓይኗ መሸኘት የእናቴ የቆየ ልማድ ነው። «ይኼኛው ደግሞ ወዴት ነው?» ትለኛለች። እኔም እንደ ዐዋቂ እመልስላታለሁ። ስለ አውሮፕላን ያለኝ ፍቅር የተወለደው ከዚህ ጥያቄ ነው፤ ዛሬ የምጽፍላችሁ ቁጭትም እንዲሁ።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያ በረራውን ያደረገው መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. ወደ ካይሮ ነበር። አውሮፕላኑ ዳግላስ ሲ-47፣ ሕዝቡ ዳኮታ የሚለው፣ የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ባለ ሁለት ሞተር ነው። መቀመጫዎቹ በግራና በቀኝ የተዘረጉ አግዳሚዎች ሲሆኑ ጭነቱ በመካከል ይታሰር ነበር። ፍጥነቱ በሰዓት ከሦስት መቶ ኪሎ ሜትር ብዙም አይዘልም፤ የውስጡን አየር የሚያምቅበት መሣሪያ ስላልነበረውም እንደ ዛሬዎቹ ከደመና በላይ ከፍ ብሎ መጓዝ አይችልም። ካይሮ ለመድረስ በመንገዱ ማረፍ ነበረበት፤ ያረፈውም አስመራ ላይ ነው። ልብ በሉ፤ የአየር መንገዳችን የመጀመሪያዋ ማረፊያ አስመራ ነበረች።

ከዚያ ወዲህ አውሮፕላኑ እየረቀቀ፣ መንገዱም እየረዘመ ሄደ። በ1955 ዓ.ም. ቦይንግ 720 ጄት ሲመጣ የልደታ ማኮብኮቢያ አልበቃ ብሎ ቦሌ ተሠራ። ግንቦት 24 ቀን 1976 ዓ.ም. አዲሱ ቦይንግ 767 ከዋሽንግተን ተነሥቶ 12,082 ኪሎ ሜትር ያለ ማረፊያ በመብረር አዲስ አበባ ገባ፤ ለባለ ሁለት ሞተር አውሮፕላን የዘመኑ ክብረ ወሰን ነበር። ተራው ዜጋ ግን በዚያ ዘመን የመውጫ ቪዛ ካላገኘ ከአገሩ ንቅንቅ ማለት አይችልም ነበር። ክንፉ ረዘመ፤ መንገደኛው ግን እንደ ታሰረ ነበር።

በነሐሴ 2004 ዓ.ም. ድሪምላይነር የሚባለው ቦይንግ 787፣ በሰኔ 2008 ዓ.ም. ደግሞ ኤርባስ ኤ350 መጡ። ሁለቱንም በአፍሪካ ቀድሞ የተረከበው የእኛው አየር መንገድ ነው። ድሪምላይነር አካሉ በአብዛኛው ከካርቦን ውሁድ የተሠራ ስለሆነ ከ767 ይልቅ በአንድ አምስተኛ ያህል ያነሰ ነዳጅ ይበቃዋል። የውስጡም አየር የሚታመቀው 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ እንዳለ ሆኖ ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናትና፣ በሰማይ ያለው መንገደኛ አየር ጤና ከተቀመጥነው ከእኛ የተሻለ አየር ይተነፍሳል ማለት ነው።

ይሁንና አዲሱም አውሮፕላን ቢሆን ደጋውን አላሸነፈም። ቦሌ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ክንፍም ሞተርም ጉልበታቸው ይቀንሳል፤ ስለዚህ ታንኩን ሞልቶ፣ መንገደኛውን ጭኖ መነሣት ይከብዳል። ወደ ዋሽንግተን ሲሄድ አንድ ጊዜ ደብሊን፣ ሌላ ጊዜ ሎሜ ያረፈው በዚህ ምክንያት ነው። ሲመለስ ግን ከዝቅተኛ ስፍራ ተነሥቶ፣ ነፋሱንም ከኋላው አድርጎ በቀጥታ ይመጣል። ዋሽንግተን የምትኖረው እኅቴ «መሄዱ ነው እንጂ መምጣቱ ቀላል ነው» የምትለው ለዚህ ነው።

ለአክስቴ ግን ሁለቱም አልቀለላትም። የእናቴ ታናሽ እኅት በአስመራ ትኖር ነበር። በግንቦት 1990 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲነሣ በረራው ቆመ፤ ስልኩም ተቆረጠ። ከዚያ በኋላ የአክስቴ ደብዳቤ መጀመሪያ ዋሽንግተን እኅቴ ዘንድ ይደርሳል፤ እኅቴም ወደ አገር ቤት የሚመጣ ሰው ስታገኝ ትልክልናለች። ሰባት መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት ላይ የተጻፈ ወረቀት አትላንቲክን ሁለት ጊዜ ተሻግሮ አየር ጤና ይገባ ነበር። በ1998 ዓ.ም. መርዶዋም የመጣው በዚሁ መንገድ ነው። አርባዋ ካለፈ በኋላ ሰማን። እናቴ ያልቀበረቻትን እኅቷን እቤቷ ተቀምጣ አለቀሰች።

ሐምሌ 11 ቀን 2010 ዓ.ም. በረራው ሲከፈት አስመራ የገባው ድሪምላይነር ነበር። በመስከረም እናቴም ሄደች። በሰማይ የቆየችው አንድ ሰዓት ከሩብ ገደማ ነው፤ ከአየር ጤና ቦሌ ለመድረስ በመኪና ከፈጀችው ጊዜ ብዙም አይበልጥም። ስትመለስ ስለ አውሮፕላኑ ብጠይቃት «እንዲህ ቅርብ ነበር እንዴ?» አለች እንጂ ሌላ አልተናገረችም።

በነሐሴ 2016 ዓ.ም. ያ መስመር እንደገና ተቋረጠ። የመቀሌም በረራ ከዓመት በላይ ቆሞ የተከፈተው ታኅሣሥ 19 ቀን 2015 ዓ.ም. ነው። እንግዲህ ፍረዱ፤ በዳኮታ ዘመን አስመራ የመንገዳችን የመጀመሪያ ዕረፍት ነበረች። አሥራ ሦስት ሰዓት ያለ ማረፊያ የሚበር አውሮፕላን ከያዝን በኋላ ግን የአንድ ሰዓቱን መንገድ ሃያ ዓመት አጣነው። ርቀትን መሐንዲስ ያሳጥራል፤ ጠብን ግን መሐንዲስ አያሳጥርም፤ እርሱ የእኛና የገዢዎቻችን ሥራ ነው።

ዛሬም ማለዳ አውሮፕላን ሲያልፍ እናቴ «ይኼኛው ወዴት ነው?» ብላኛለች። የሩቅ አገር ስም ጠራሁላት። ዝም አለች።

ልቡና ይስጠን።